ቤንዚን የበዛበት አሮጌ ፒካፕ፦ ዕቃ ከመግዛት በፊት ጥፋቱን የማግኛ መንገድ

ፒካፑ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ፣ ይንገዳገዳል። ከኋላ የቆመ ሰው ቤንዚን ይሸተዋል። ታንከሩም ከወትሮው ቀድሞ ይጎድላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው መጀመሪያ ካንዴላ (ሲሊንደር ውስጥ እሳት የሚፈነጥቀውን) ይቀይራል። አልሆን ሲለው ኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካውን) ይገዛል። እሱም ካልሠራ ካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) በሙሉ ያወርዳል። ገንዘቡ ያልቃል፣ ጭሱ ግን እዚያው ነው።

እኔ የምመክረው አንድ ጥያቄ በመመለስ መጀመርን ነው። ሞተሩ ቤንዚን የሚበዛበት መቼ ነው? ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላም? ቆሞ ሲሠራ ነው ወይስ ዳገት ላይ? ይህን በትክክል የመለሰ ሰው ከተጠርጣሪዎቹ ግማሹን ያለ አንድ መፍቻ አስወጥቷቸዋል።

መመሪያው ለቤንዚን ሞተር ብቻ ነው። የናፍጣ ሞተር ጥቁር ሲያጨስ የሚመረመርበት መንገድ ሌላ ነው።

ነገሩ ምንድን ነው?

1 ኪሎ ቤንዚን በአግባቡ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ከዚህ ሲያንስ ወይም ቤንዚኑ ሲበዛ ሞተሩ «ሪች» ሆነ ይባላል። ስለዚህ የምንፈልገው ሦስት ዓይነት ጥፋት ነው። አንደኛው፣ ቤንዚን በማይገባው መንገድ እየገባ ነው። ሁለተኛው፣ አየር ታፍኗል። ሦስተኛው ኮምፒውተር ባላቸው መኪኖች የሚመጣ ነው፤ ኮምፒውተሩ የተሳሳተ መረጃ ይደርሰውና አምኖ ቤንዚን ይጨምራል።

ሥራውን ደጅ ላይ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ሥሩ። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ከጤነኛው እጅግ የበለጠ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰው ይገድላል። የእሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን። ሲጋራ ወዲያ።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ ሪች መሆኑን አረጋግጡ

ከጭሱ ጀምሩ። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ነጭና ወፍራም ሆኖ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ከሆነ የራዲያተር ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል። በማለዳ ብርድ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) የሚወጣው ስስ እንፋሎት ግን ጤነኛ ነው።

ቀጥሎ ካንዴላዎቹን እዩ። በእኔ ግምት ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ይናገራሉ። መኪናውን በደንብ አሙቃችሁ ትንሽ ንዱት፣ አጥፉት፣ ሞተሩ ሲበርድ ፍቱና ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጡ ሳታቀላቅሉ በተርታ አስቀምጧቸው። ጫፉ ፈካ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ደህና ነው። ደረቅ ጥላሸት ለብሶ ጣት ላይ የሚቀር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ጥቁር ሆኖ ቅባት ከያዘ ነገሩ የዘይት ነው። በቤንዚን የራሰ ከሆነ ደግሞ ያ ሲሊንደር ጭራሹን አልተቀጣጠለም።

አሁን ካንዴላዎቹን እርስ በርስ አወዳድሩ። ሁሉም እኩል ከጠቆሩ ጥፋቱ ሁሉም የሚጋሩት ነገር ላይ ነው፦ ቾክ (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አየር የሚቀንሰው ቅጠል)፣ የቤንዚን ግፊት፣ የሙቀት ሴንሰር፣ የአየር ፊልትሮ። አንዱ ብቻ ጠቁሮ ሌሎቹ ንጹሕ ከሆኑ ግን እነዚህን ሁሉ እርሷቸው። ችግሩ ያ ሲሊንደር ራሱ ጋ ነው፤ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር (ያለ ካርቡሬተር ቤንዚን የሚረጨው)፣ የተበላ የካንዴላ ገመድ ወይም የወደቀ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት) ሊሆን ይችላል። ይህን ንጽጽር የዘለለ ሰው ሳምንቱን ሙሉ የተሳሳተ ቦታ ሲቆፍር ሊከርም ይችላል።

ሌላም ነጻ ሙከራ አለ። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ ከኢንቴክ ማኒፎልድ (አየር ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ቧንቧ) የሚወጣ አንድ ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ ንቀሉ። የፍሬን ማገዣውን ወፍራም ቱቦ ግን አትንኩ። ተጨማሪ አየር ሲገባ ሞተሩ ከተረጋጋና ዙሩ ከፍ ካለ ቤንዚን በዝቶበት ነበር ማለት ነው። ይባስ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከጠፋ ሚኒሞ ላይ ሪች አይደለም። የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር ባላቸው ሞተሮች ላይ ኮምፒውተሩ ለገባው አየር ወዲያው ቤንዚን ስለሚጨምር መልሱ ያን ያህል ግልጽ አይሆንም።

የቤንዚን ሽታ ብቻውን ግን እንዳያታልላችሁ። እሳት የማይደርሰው ሲሊንደር ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ማርሚታ ይልካል፤ ሽታውም ከሪች ሞተር አይለይም። ስለዚህ የዲስትሪቢውተር (እሳት ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው) ክዳን፣ የካንዴላ ገመዶችና የእሳት አሰጣጥ ጊዜው ልክ መሆናቸውን ሳታዩ ወደ ቤንዚኑ አትሂዱ።

ደረጃ 2፦ መቼ እንደሚበዛበት ጻፉ

ጠዋት ሲነሳ ትንሽ አጭሶ ሲሞቅ የሚተው መኪና ብዙም አያሳስብም። ቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ቤንዚን በደንብ ስለማይተን ድብልቁ ሆን ተብሎ እንዲወፍር ይደረጋል። ከሞቀ በኋላም የማይተው ከሆነ ግን የሚጠረጠረው ይህ የማወፈሪያ ሥርዓት ነው፤ ቾኩ አልተከፈተም፣ የሙቀት ሴንሰሩ ተሳስቷል ወይም ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው) ክፍት ቀርቷል።

ሚኒሞ ላይ ብቻ ተቸግሮ መንገድ ላይ ደህና የሚሆን ከሆነ ትንሽ ቤንዚን ከአንድ ቦታ እየሾለከ ነው። ዙሩ ሲጨምር የሚገባው አየር ስለሚበዛ ያቺ ትንሽ ትርፍ አትታወቅም። ጭነት ላይ ብቻ የሚያጨስ ከሆነ የካርቡሬተሩን ዋና ጂግለር (ቤንዚኑን የሚመጥነው ቀዳዳ) እና የጉልበት ቫልቭ (ጭነት ላይ ቤንዚን የሚጨምረው) አስቡ። ሞቆ ከቆመ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አልነሳ ብሎ፣ ሲነሳ ጥቁር ጭስ ቡፍ የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ ጠፍቶ ሳለ ቤንዚን እያንጠባጠበ ነው።

ከፍታም ይቆጠራል። 2000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ 18 በመቶ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደጋ ሲወጣ ምንም ሳይበላሽ ሪች ይሆናል። መፍትሔው አነስ ያለ ጂግለር ነው እንጂ ጥገና አይደለም።

ደረጃ 3፦ ወጪ የሌላቸውን አስቀድሙ

የአየር ፊልትሮውን አውጡና ሞተሩን ለአጭር ጊዜ ያለ ፊልትሮ አስነሱት። ከተሻሻለ ጥፋቱ ተገኘ። ይህ በተለይ ካርቡሬተር ላይ ይሠራል። ኢንጀክሽን ያለው ሞተር የሚገባውን አየር እየለካ ስለሚሠራ የታፈነ ፊልትሮ ጉልበቱን ይቀንሰዋል እንጂ ብዙ ጊዜ ሪች አያደርገውም። በፊልትሮ ላይ የሚለጠፈው ወቀሳ ትንሽ ተጋንኗል።

የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥታችሁ አሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተ ወይም የዘይቱ መጠን ከጨመረ ትርፉ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ወርዷል። እዚህ ላይ ነገሩ ራሱን ይመግባል። ከዘይቱ የሚተነው ቤንዚን በሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ተስቦ ተመልሶ ይገባና ድብልቁን ያወፍራል። ለማረጋገጥ የመተንፈሻውን ቫልቭ ከሞተሩ ክዳን ላይ ነቅላችሁ አፉን በጣት ድፈኑት። ሞተሩ ከተረጋጋ ዘይት ቀይሩ። በቤንዚን የቀጠነ ዘይት ብሮንዚኖችን (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርባቸውን ማረፊያዎች) ስለሚበላ ይህ ለነገ አይባልም።

ቴርሞስታቱን ለማወቅ ቀዝቃዛ ሞተር አስነሱና የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ በእጅ ዳብሱ። ጤነኛ ሲሆን ቱቦው ለጥቂት ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና በድንገት ይሞቃል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ከሞተሩ ጋር እኩል እየሞቀ ከሄደ ቴርሞስታቱ ክፍት ቀርቷል፤ ወይም የለም። የለም ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሞተር እንዳይግል ተብሎ ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል የተለመደ ብልሃት ነው። ብልሃቱ ግን ሞተሩን ሁልጊዜ ብርድ ላይ ያቆየዋል፤ ኮምፒውተሩም ሁልጊዜ ቤንዚን ይጨምርለታል።

ደረጃ 4፦ ካርቡሬተር ከሆነ

የአየር ማጽጃውን ክዳን አንሱና ሞተሩ ሞቆ ሳለ ቾኩን እዩ። ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ቀጥ ብሎ መከፈት አለበት። ግማሽ ተዘግቶ ከቀረ ጥፋተኛውን ይዛችኋል። በእጅ የሚሳብ ቾክ ከሆነ ገመዱ ዝጎ ወይም ተጣብቆ ይሆናል። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ከሆነ ሞተሩ እየሠራ ገመዱ ላይ 12 ቮልት ያህል መድረሱን በቴስተር ለኩ። ኤሌክትሪክ ካልደረሰው ቾኩ የሚከፈትበት ሙቀት አያገኝም።

ቾኩ ደህና ከሆነ ሞተሩን በሚኒሞ እያሠራችሁ ከላይ ወደ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ ተመልከቱ። ፊታችሁን አታስጠጉ፤ ወደ ላይ እሳት ሊመልስ ይችላል። ሚኒሞ ላይ ከዋናው ቀዳዳ ቤንዚን መታየት የለበትም። ጠብ ጠብ ካለ የካርቡሬተሩ የቤንዚን ቋት ከልክ በላይ ሞልቷል። ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው። መግቢያውን የሚዘጋው መርፌ ተበልቷል ወይም ቆሻሻ ይዞታል። ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ ተስተካክሏል። ወይም ተንሳፋፊው ተበስቶ ቤንዚን ጠጥቷል። የነሐስ ተንሳፋፊ ከሆነ አውጥታችሁ ጆሮ አጠገብ ነቅንቁት፤ ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫቦጨ ዋጋ የለውም። ሙቅ ውሃ ውስጥ ስትነክሩት አረፋ የሚወጣበት ቦታም ቀዳዳውን ያሳያል።

እዚህ ጋ የሚረሳ ነገር አለ፤ የቤንዚን ፖምፓው። የካርቡሬተር መርፌ የተሠራው ለዝቅተኛ ግፊት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.4 ባር ለሚሆን። የድሮው ፖምፓ ተበላሽቶ ለኢንጀክሽን የተሠራ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ከተገጠመ የትኛውም መርፌ አይመክተውም። መኪናውን ያገለገለ ከሆነ የገዛችሁት ምን ዓይነት ፖምፓ እንደተገጠመበት እዩ።

የሚኒሞ ድብልቅ ብሎኑን እስኪነካ ቀስ ብላችሁ አስገቡት። አታጥብቁት፤ ጫፉ ይበላሻል። እየገባ ሲሄድ ሞተሩ መዳከምና መጥፋት አለበት። ብሎኑ ሙሉ በሙሉ ገብቶም ሞተሩ ምንም ካልመሰለው ቤንዚን በሌላ በር እየገባ ነው፤ ወደ ቋቱና ወደ ጉልበት ቫልቩ ተመለሱ። አንዳንድ ካርቡሬተሮች ላይ የጉልበት ቫልቩ በጎማ ሽፋን የሚሠራ ነው። ሽፋኑ ሲቀደድ ማኒፎልዱ ቤንዚኑን ቀጥታ ይስበዋል።

ደረጃ 5፦ ኢንጀክሽን ከሆነ

መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ያስቀመጠውን ኮድ አንብቡ። ከ1996 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ፒካፖች ኦቢዲ 2 መሰኪያ (የኮድ ማንበቢያ የሚሰካበት) አላቸው። ፒ0172 እና ፒ0175 «ድብልቁ ወፍሯል» ማለት ናቸው። ኮድ ባይኖርም ማንበቢያው ላይ የነዳጅ ማስተካከያውን (ኮምፒውተሩ የሚጨምረውን ወይም የሚቀንሰውን ቤንዚን) መቶኛ እዩ። ከዜሮ በታች 10 እና ከዚያ በላይ ከወረደ ኮምፒውተሩ ትርፍ ቤንዚን ለመቀነስ እየታገለ ነው። ሚኒሞ ላይ ብቻ ወርዶ በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ከተስተካከለ ትንሽ ሹልከት ፈልጉ። በሁሉም ዙር ከወረደ ግፊት ወይም ሴንሰር ነው።

ከዚያ በፊት የተሠሩት ኮዱን በመብራት ብልጭታ ይናገራሉ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ኮፈኑ ሥር ባለው የምርመራ መሰኪያ ውስጥ «ቲኢ1» እና «ኢ1» የተባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝታችሁ ቁልፉን ስትከፍቱ የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ሁለት ብልጭታ፣ ፋታ፣ እንደገና ሁለት ከሆነ 22 ነው፤ የውሃ ሙቀት ሴንሰር ማለት ነው።

እዚሁ ሴንሰር ላይ ቆዩ። በአሮጌ ፒካፕ ላይ ከሁሉ ቀድሜ የምጠረጥረው እሱን ነው። ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር የሴንሰሩ ሬዚስታንስ ይጨምራል። በብዙ ቶዮታዎች 20 ዲግሪ ላይ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም ማሳየት አለበት። ሌላ መኪና ከሆነ የራሱን መመሪያ እዩ። ሴንሰሩ ሲበላሽ ወይም መሰኪያው ሲዝግ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ኮምፒውተሩም ሞተሩ የበረደ መስሎት ቤንዚን ያፈሳል። ሴንሰሩ ልክ ሆኖ ከተገኘ እንደገና ከኮምፒውተሩ መሰኪያ በኩል ለኩ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ ጥፋቱ ሽቦው ላይ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዳሽቦርድ ላይ ያለውን የሙቀት ጌጅ የሚያሠራው ሴንሰር ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። እሱ በአብዛኛው አንድ ሽቦ አለው፣ የኮምፒውተሩ ሁለት። ጌጁ ልክ ስላሳየ ብቻ የኮምፒውተሩን ሴንሰር ነጻ አታውጡት።

ቀጥሎ የቤንዚን ግፊት መቆጣጠሪያው አለ። ላዩ ላይ ያለችውን ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ ንቀሉ። ውስጧ ቤንዚን ካለ ሽፋኑ ተቀዷል፤ ክርክር የለውም፣ ይቀየራል። ደረቅ ከሆነ የግፊት መለኪያ ግጠሙ። ቱቦዋ ስትነቀል ግፊቱ ግማሽ ባር ያህል ከፍ ማለት አለበት። ግፊቱ ሁልጊዜ ከተባለው በላይ ከሆነ መቆጣጠሪያውን ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ታንከር የሚመለሰውን መስመር መርምሩ። አሮጌ ፒካፕ ሥር በክሪክ ወይም በድንጋይ የተጨፈለቀ ቱቦ ብርቅ አይደለም። መመለሻው ሲታፈን ግፊቱ ይወጣል፣ ጥፋቱም ሳይገባው በመቆጣጠሪያው ላይ ይላከካል።

ሞተሩ ጠፍቶ ግፊቱ ቶሎ ከወደቀ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ሊኖር ይችላል። ለአንድ ሌሊት አሳድራችሁ ሳታስነሱት ካንዴላዎቹን ፍቱ። የራሰው ካንዴላ የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ይነግራችኋል። በ1980ዎቹ የተሠሩ ብዙ ሞተሮች ለብርድ ማስነሻ ብቻ የሚረጭ ተጨማሪ ኢንጀክተርም አላቸው። እሱ ሲያንጠባጥብ ሁሉም ካንዴላ ይጠቁራል፤ ሶኬቱን መንቀልም አያስቆመውም፣ ምክንያቱም የሚያፈሰው በኤሌክትሪክ ሳይሆን በመበላቱ ነው። ፈቶ ማየት ብቻ ነው መንገዱ።

የአየር መለኪያውን እንዳትረሱ። የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር ካለ ወደ እሱ የሚሄደው ቱቦ ሲሰነጠቅ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ከባድ ጭነት ላይ ያለ ይመስለዋል። በቅጠል የሚለካ ዓይነት ከሆነ ቅጠሉ ሳይያዝ በልስላሴ መከፈትና መዘጋት አለበት። የመለኪያው ክዳን ተነሥቶ የተለጠፈ ከመሰለ ጠርጥሩ። ከዚህ በፊት አንድ ሰው ውስጥ ያለውን ስፕሪንግ አላልቶ «ጉልበት ጨመርኩ» ብሎ ሊሆን ይችላል።

ከከሰል ጣሳው (የታንከሩን የቤንዚን ትነት ከሚይዘው) ወደ ማኒፎልድ የሚሄደውን የቤንዚን ትነት ቱቦ ደግሞ ሚኒሞ ላይ በፒንሳ ቆንጠጥ አድርጉ። ሞተሩ ከተስተካከለ ቫልቩ ክፍት ቀርቷል።

ደረጃ 6፦ ኦክስጅን ሴንሰሩን በመጨረሻ

ብዙዎች ከዚህ ይጀምራሉ፤ እኔ እዚህ እጨርሳለሁ። ሴንሰሩ ሲሞቅ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ባለው መካከል እየተወዛወዘ መሥራት አለበት። 0.45 አካባቢ መሐል ሜዳው ነው። በደቂቃ 2500 ዙር ላይ በዲጂታል ቴስተር ለኩት። ከ0.8 በላይ ተጣብቆ ከቀረ አትወንጅሉት፤ ምናልባት እውነቱን እየተናገረ ነው። የቫኪዩም ቱቦ ንቀሉ። ቮልቱ ቶሎ ከወረደ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው፤ ሪች የሚያደርገውን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

አሳሳቹ ተቃራኒው ነው። ካንዴላዎቹ ጠቁረው ሳለ ሴንሰሩ 0.1 አካባቢ ከቀረ ኮምፒውተሩ «ቤንዚን አነሰ» ተብሎ እየተነገረው ነው። ሴንሰሩ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ግን ከሴንሰሩ በፊት ያለ የጭስ ቱቦ ቀዳዳ አየር እየሳበም ይሆናል። እሳት ያጣ ሲሊንደርም ያልተነካ ኦክስጅን ስለሚልክ ሴንሰሩን በዚሁ መንገድ ያሳስተዋል። አዲስ ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት የማኒፎልዱን ጋስኬትና ካንዴላዎቹን እዩ።

ጥፋቱ ከተገኘ በኋላ

ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ቀይሩ። ካንዴላዎቹን አጽዱ ወይም ተኩ። ኮምፒውተር ካለው የድሮውን ኮድና ማስተካከያ አጥፉለት፤ በአሮጌዎቹ ላይ የኢንጀክሽን ፊውዙን ወይም የባትሪውን ኔጌቲቭ ለጥቂት ጊዜ መንቀል ይበቃል። ከዚያ ጥቂት ቀን ንዱትና ካንዴላዎቹን እንደገና አውጥታችሁ ቀለማቸውን እዩ።

ካታሊስት (ጭስ ቱቦው ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ) ካለውና ጭሱ ጠፍቶም ከፍ ባለ ዙር ጉልበት ካነሰው ካታሊስቱን መርምሩ። ለወራት ትርፍ ቤንዚን ሲቃጠልበት የነበረ ካታሊስት ውስጡ ቀልጦ ሊደፈን ይችላል። የቫኪዩም ጌጅ ማኒፎልዱ ላይ ግጠሙና ዙሩን 2500 ላይ ያዙት። መርፌው ቀስ በቀስ እየወረደ ከሄደ ጭሱ መውጫ አጥቷል።